የጃኬቱ ገበር

ቤተሰብና ጎረቤት «ጥድፊያ» ይላታል። እናቷ ሆስፒታል እስክትደርስ እንኳ አልታገስ ብላ መኪና ውስጥ ስለተወለደች፣ ያኔ መሪውን ይዞ ሲከንፍ የነበረው አባቷ ነው ቅጽል ስሙን ያወጣላት። ያን ዕለት ጠዋት ግን ጥድፊያ የትም መሄድ አልቻለችም። የረጅም ቀሚሷን ጫፍ የብስክሌቷ ሰንሰለት ነክሶት፣ ዳገቱ ከሚያልቅበት የአስፋልት ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ነበር።

መኪናዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ በጎኗ ያልፋሉ። ጨርቁን በጎተተችው ቁጥር ይብስ ይጠመጠማል። ያስፈራት ግን የመኪናው ብዛት አልነበረም። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በዚያ ሊያልፍ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል፤ የሰባት ቁጥር ሾፌር ደግሞ አባቷ ነው።

«ልቁረጠው?» አለ አንድ ድምፅ ከበላይዋ።

ቀና አለች። አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ፣ ትልቅ መቀስ የያዘ ወጣት ቆሟል። ከጀርባው የልብስ ስፌት ሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ቁረጠው! ብቻ ቶሎ በል!»

«ደህና ጨርቅ ነበር እኮ፤ ያሳዝናል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቁረጥ ስልህ!»

ቆረጠው። ብስክሌቱን አንጠልጥሎ፣ እሷን አስቀድሞ ወደ ሱቁ ገባ። ሰባት ቁጥር ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እሷ ከተሰቀሉት ኮቶች ጀርባ ተሸጉጣ ትንፋሿን ዋጠች። ልብስ ሰፊው አውቶቡሱን አየ፤ እሷን አየ፤ ምንም አልጠየቀም። ዝምታው ደስ አላት።

«ለብስክሌት የሚመች ልብስ ትሰፋለህ?» አለችው ድንገት።

«ሰፍቼ አላውቅም። ግን ልብስ አይደል?»

እናቷ ካረፈች ወዲህ ጥድፊያና አባቷ ሁለት ብቻ ነበሩ። እሷ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትመረምራለች፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድቷል። ብስክሌት ልትገዛ ማሰቧን የነገረችው ቀን፣ የያዘውን ማንኪያ ሳህኑ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ሳያነሳ ነበር የመለሰላት።

«ከኔ ጎማ ሥር ሦስት ብስክሌተኛ ለጥቂት ተርፏል። አራተኛዋ አንቺ አትሆኚም። ቃሌን አልፈሽ ከወጣሽ፣ አባት አለኝ እንዳትዪ።»

ወጣች። አሮጌ ብስክሌት ከሥራ ባልደረባዋ ገዝታ፣ እዚያው ባልደረባዋ ግቢ እያሳደረች፣ ሁለት ሳምንት በድብቅ ነዳች። አውቶቡስ ውስጥ በሰው ትከሻ መሃል ተጨናንቃ ከመቆም ይልቅ፣ ነፋሱ ፊቷ ላይ ሲመጣ «ዛሬስ ራሴን ይዤ ወጣሁ» የሚያሰኛት ነገር ነበረው። ያን ልታስረዳው ብትሞክርም እንደማይገባው ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ለልኬት ሄደች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ አያት፣ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«ቆመሽ አልለካሽም።»

«እንዴት ማለት?»

«ቆመሽ ነው እንዴ የምትነጂው? ብስክሌቱን አስገቢና ውጪበት።»

ብስክሌቱን በሁለቱ የስፌት መኪናዎች መሃል አቁሞ፣ ጎማውን በጨርቅ ጥቅል ደግፎ አስቀመጣት። መሪውን ያዘች፤ ጎንበስ አለች። ሸሚዟ ከወገቧ ወደ ላይ ሲሸሽ ቶሎ ጎትታ መለሰችው።

«አየሽ? የጃኬቱ ጀርባ ከፊቱ አንድ ስንዝር መርዘም አለበት» አለ፣ ዓይኑን ወደ ደብተሩ መልሶ። «ብብቱ ሥር ትርፍ ጨርቅ አስገባለሁ፣ ክንድሽን ስትዘረጊ እንዳይዝሽ። ሱሪው ኮርቻው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ወፍራም ስፌት አይኖረውም፤ ቁርጭምጭሚቱ በቁልፍ ይጠባል። ኪስ ከኋላ። እስቲ ይቺን ያዢልኝ።»

የሜትሩን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ራሷ እንድትይዝ ሰጣት። ጣቶቹ ሳይነኳት፣ ክንዷን ተከትሎ እስከ አንጓዋ ለካ። የመንገዱ ጫጫታ የራቀ መሰላት። እሱ ቁጥሩን ጻፈ፤ ሰረዘው፤ እንደገና ለካ።

«ሁለቴ ለካኸው» አለችው።

«የመጀመሪያው ጠፋብኝ።»

ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡ። ቀለም ሲመርጡ ግን ሳቁ አለቀ።

«አመድማ» አለች። «እንደ አስፋልቱ።»

ልብስ ሰፊው መደርደሪያውን ትቶ ዞረ። «መንገድ ላይ የሚያስደብቅ ልብስ አልሰፋም።»

«አባቴ እንዳያየኝ ነው የምልህ!»

«አባትሽ ካላየሽ ሌላውም አያይሽም። ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ይነዳ ነበር። የመጨረሻውን ኮት የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ በጣም የሚያምር። አመሻሽ ላይ አንድ መኪና ገጨው። ሾፌሩ ፍርድ ቤት ቆሞ ‹አላየሁትም› አለ። ሰውዬው አልዋሸም። ጨርቁን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።»

ጥድፊያ አዘነችለት።

«ነፍሱን ይማር» አለች። «ግን ስማኝ። አባቴ አትንጂ ይለኛል። አንተ ይሄን ልበሺ፣ ያን አትልበሺ ትለኛለህ። አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?› የሚለኝ ሰው የለም?»

ፊቱ ተለዋወጠ። ከመደርደሪያው የአመድማውን ጨርቅ ጥቅል አወረደ። «እሺ፣ አመድማ ይሁን» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ማንም የማይቆጣሽ ቢሆንስ፣ የቱን ታነሺ ነበር?»

አላሰበችም። እጇ በራሱ ሄዶ ብርቱካናማው ጨርቅ ላይ አረፈ።

በሳምንቱ ስትመለስ ጃኬቱ ከሱሪው ጋር ተሰቅሏል፤ አመድማ፣ ልክ እንዳለችው። ለበሰችው። አልጎተታትም፣ አልያዛትም፤ የራሷ ቆዳ መሰለ። ዚፑን ስትከፍት ነው ገበሩን ያየችው፤ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ብርቱካናማ ነው። ስፌቱ ውስጥና ውጭ የለውም፤ ገልብጦ መልበስ ይቻላል።

«ይሄን አላዘዝኩም።»

«አላዘዝሽም። የጠየቅሽኝ በላይ ነው፤ የወደድሽው በውስጥ ነው። የትኛውን ወደ ውጭ እንደምታደርጊ እኔ አላውቅም።»

ልትቆጣ ፈለገች። አልቻለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ አንድ ሰበብ አታጣም፤ አንዴ ቁልፉ ላላ፣ አንዴ ዚፑ ነከሰኝ እያለች ጎራ ትላለች። ዚፑ ምንም አለመሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሱቁ በኩል ስታልፍ ግን አንገቷን ደፍታ፣ አመድማውን ወደ ውጭ አድርጋ ነው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ከተማው በጭጋግ ተዋጠ። ድልድዩን ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር አንድ የጭነት መኪና ከኋላዋ መጥቶ ክንዷን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት አለፈ። ነፋሱ ወደ ጠርዙ ገፋት። ፍሬን ያዘች፤ አንድ እግሯን አወረደች። ጥሩምባ አልነፋም፤ አልቀነሰም። የሌለች ያህል ነበር ያለፋት። ሾፌሩ አላያትም።

ወደ ኋላ ዞረች። ከድልድዩ ማዶ፣ አንዱ ደብዛዛ አንዱ ደማቅ ሁለት መብራት እየመጣ ነው። ያን መብራት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰባት ቁጥር ነው።

ወርዳ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ ፊቷን ብትመልስ፣ እንደማንኛውም ቀን ያልፋታል። ማለፉ አይደል የምትፈልገው? ግን መኪናው የነካት ያህል ክንዷ እስካሁን ይበርዳታል። «አባቴም ባያየኝስ?» አለች ለራሷ። ዚፑን ፈታች። ጃኬቱን አወለቀች፤ ዝናቡ ሸሚዟን አበሰበሰው። ገለበጠችው። ብርቱካናማውን ወደ ውጭ አድርጋ ለበሰች፤ ኮርቻው ላይ ወጣች፤ መሪውን ጨብጣ መንዳት ጀመረች።

የሞተሩ ድምፅ ከኋላዋ ቀረበ። ከዚያ ቀነሰ። ከሩቅ ነው የቀነሰው። አውቶቡሱ ከመንገዱ መሃል አልፎ፣ ሰፊ ቦታ ትቶላት፣ ቀስ ብሎ ጎኗ ደረሰ። ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ የአባቷን ዓይን አገኘችው።

የፍሬኑ ሲጢጥታ ዳገቱን ሞላው። በሩ ተከፈተ፤ አባቷ ያለ ባርኔጣ ዝናቡ ውስጥ ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደፋ።

«አባዬ...»

«ዝም በይ።» ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ጉልበቷን በዓይኑ ፈተሸ። «ተጎድተሻል?»

«አልተጎዳሁም። ከየት ነው ያየኸኝ?»

«ከድልድዩ።»

«እኔ መሆኔን አወቅክ?»

«አንቺ መሆንሽን አይደለም» አለ አባቷ። «ሰው መሆኑን ነው ያየሁት።»

«ሾፌር፣ ኧረ ሰዓታችን!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አባቷ አልዞረም። የጃኬቱን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን አመድማ አየ። ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት እንደገባው ከፊቱ አነበበች።

«ማን ነው የሰፋልሽ?»

ዓይኗ ሳይታዘዝ ወደ ዳገቱ ጫፍ፣ ወደ ስፌት ሱቁ ሄደ። አባቷ ያን ተከትሎ አየ፤ መሪው ላይ ተመለሰ።

ቀኑን ሙሉ ጥድፊያ ብልቃጦቹን ሁለት ሁለቴ ቆጠረች። የሥራ ሰዓቷ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አስፈቅዳ ወጣች። ሱቁ ስትደርስ የፈራችው ደርሷል። አባቷ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የደንበኛ ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ፊት ለፊቱ ቆሟል። አባቷ አያት፤ እንዳላየ ሆነ።

«እሺ፣ አመዱን ለምን ሰፋህላት?» ይል ነበር።

«ጠየቀችኝ። እምቢ ብላት ሌላ ጋ ሄዳ አመድ ብቻ ታሰፋ ነበር።»

«ብርቱካኑንስ ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። እሱን ለራሴ ስል ነው የሰፋሁት።»

«ለራስህ?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በእጁ ጠቀለለው። «በየጠዋቱ በዚህ ታልፋለች። በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። አልፋ ስትሄድ አመዱ ወዲያው ይሰውራታል። ከዚያ በኋላ እስክትመለስ ድረስ የምሰፋው ሁሉ ይጣመምብኛል። እርስዎን አልዋሽም፤ ሥራ መሥራት አቅቶኛል።»

«ይሄ የልብስ ሰፊ ወሬ አይደለም» አለ አባቷ።

«አይደለም።»

«ነግረሃታል?»

«ደንበኛዬ ናት። በምን አፌ?»

«እንግዲያው አሁን ሰምታለች። ከኋላህ ቆማለች።»

ልብስ ሰፊው ዞረ። ጆሮው እስኪቀላ ደነገጠ። አባቷ ከወንበሩ እየከበደው ተነሳ፤ ወደ በሩ መጥቶ አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ፊቷን አላየም፤ የበሩን ደፍ ነበር የሚያየው።

«ያን ቀን ያልኩሽ... አባት አለኝ እንዳትዪ ያልኩሽ ነገር። ረስተሽዋል?»

«አልረሳሁትም አባዬ።»

«እርሺው። እኔ መንገድ በወጣሁ ቁጥር ስለምፈራ ነው።» የፀጉሯን ጫፍ እንደ ልጅነቷ ጎተት አደረገ። «ደግሞ ዳገት ላይ ጠርዙን ይዘሽ አትንጂ። የመኪና ሰው ነኝ፤ እኔን ስሚኝ።»

ወጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። የስፌት መኪናው በመሃላቸው ነበር። እሱ ወለሉን፣ እሷ እሱን ያያሉ።

«በየጠዋቱ ታየኝ ነበር» አለች።

«አይሽ ነበር።»

«እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየሁህም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አባትሽን ፈርተሽ መስሎኝ።»

«አይደለም። የጀማሪ ነገር ነው፤ ወደ ጎን ካየሁ መሪው አብሮ ይዞርብኛል። ገና ባየሁህ ሱቅህ ውስጥ እገባ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ቀና አለ። «አሁን ግን ብስክሌት ላይ አይደለሽም።»

«አይደለሁም» አለችና፣ የስፌት መኪናውን ዞራ መጥታ፣ ሳትቸኩል፣ የፈለገችውን ያህል አየችው።