ሁለት ካርድ፣ አንድ ስዊች
«ሁለቱንም ነው ያጠፋኸው፤ አትዋሸኝ» አለ የኮምፒውተር መምህሩ።

«እውነቴን ነው ቲቸር። ስጠርግ መጥረጊያው የአንዱን ስዊች ማጥፊያ መታው እንጂ ሌላውን አልነካሁም» አለ ቀጮ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጮ ፈተናውን ቀድሞ ጨርሶ፣ የኮምፒውተር ክለቡ ተረኛ ስለሆነ ፈተናውን የሚያስተናግደው ሰርቨር ያለበትን ክፍል ሊጠርግ ገብቶ ነበር። ከዚያ ፈተናው ቀጥ አለ፤ ከእሱ በቀር የሁሉም መልስ ጠፋ። ነገ እንደገና ሊቀመጡ ነው። አንዱ ወረቀት ጠቅልሎ ወረወረበትና ጆሮው ላይ አረፈ። መምህሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«ሰርቨሩ ሁለት ኔትወርክ ካርድ አለው። ገመዶቻቸው የሚሄዱት ኔትወርኩን ወደ ኮምፒውተሮቻችሁ ወደሚያከፋፍሉት ሁለት ሳጥኖች፣ ወደ ስዊቾቹ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲሠራ። አንዱን ብቻ ብታጠፋ ፈተናው ይቆም ነበር? ከክለቡ ወጥተሃል። ነገ አባትህን ይዘህ ና።»

የቀጮ ፊት አመድ መሰለ። አባቱ ቀበቶውን ሳይፈታ ልጁን አያናግርም፤ ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

«ፈጣኗ ትንገርዎት» አለ። «ገመዶቹን የሰካችው እሷ ናት።»

ፈጣኗ ከሌሎቹ ጋር ስትስቅ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣላት መምህሩ ነው፤ ያዘዛትን ሁሉ ቶሎ ትጨርሳለችና።

«ገብተሽ እይልኝ» አላት።

ገባች። ሁለቱም ገመዶች መጥረጊያው በመታው አንዱ ስዊች ላይ ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ባለፈው ሳምንት ስትሰካ አንደኛው ገመድ አጥሯት እስከ ማዶው ስዊች አልደረሰም ነበር። ረጅሙ ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥሎ ነበር፣ ግን ተወሳስቦ። ጓደኞቿ ውጭ እየጠበቋት ነበር። አጭሩንም እዚያው ሰካችው፤ ሁለቱም መብራቶች አረንጓዴ በሩ። «ጨርሻለሁ ቲቸር» ብላ ወጣች።

አሁን አፈረች፤ ፍርሃቷ ግን ከሃፍረቷ በለጠ። ከውጭ አንዱ የቀጮን ድምፅ እያስመሰለ ያሾፋል፣ ሌሎቹ ይንከተከታሉ። «እኔ ነኝ» ብትል ነገ የሚሾፈው በእሷ ነው። ረጅሙን ገመድ ከሚስማሩ አወረደች። ያን ቀን የታከታትን ውስብስብ አንድ በአንድ ፈታች፣ አጭሩን ነቅላ በእሱ ተካች፣ ሌላኛውን ጫፍ ማዶው ስዊች ላይ ሰካች።

«በየስዊቻቸው ናቸው ቲቸር» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ቀጮ በትከሻዋ አሻግሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር አየ።

«ገመዱስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ቅድም ስጠርግ ሚስማሩ ላይ ነበር እኮ።»

በጫጫታው መሃል ከፈጣኗ በቀር የሰማው አልነበረም። በሩን ከኋላዋ ስባ ዘጋችና ቁልፉን አዞረችው።