የወንድይፍራው ጃኬት

ይህን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። ትኩሳት አልነበረብኝም፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም። ብቻዬንም አልነበርኩም።

ሚያዝያ 2017፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ዲላ፣ ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ። ፀሐይ ነበረች። የሰፈር ልጆች ውጪ ኳስ ይራገጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚሆነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ሙሉካ እባላለሁ። ቡና ቀማሽ ነበርኩ።

ቀማሽ ማለት ከየወረዳው የመጣውን ናሙና በማንኪያ ፉት እያለ፣ እየተፋ፣ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ነው። አፍንጫዬ እንጀራዬ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የአሪቻውን ቡና ከሬኮው እለይ ነበር። ባሌ ወንድይፍራው ገና ከበር ሳይገባ ምን እንደበላ እነግረው ነበር። "ከአንቺ ጋር ሰው እንዴት ይዋሻል" ይለኝና ይስቃል።

የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ።

መጋቢት 2013 ነው። ያስለኝ ጀመር። በዚያ የኮሮና ሰሞን የሚያስል ቀማሽ ወደ ጠረጴዛው አይጠጋም፤ ሁላችንም ማንኪያችንን የምንነክረው እዚያው ሲኒ ውስጥ ነው። እኔ ግን ጉንፋን ነው አልኩና ሳሌን ውጬ ገባሁ። ቤቴም እንደዚያው ገባሁ። ለወንድይፍራውም አልነገርኩትም።

በአምስተኛው ቀን ከወርቃ የመጣ ናሙና ቀረበልኝ። የመጀመሪያው ሲኒ ሙቅ ውሃ ሆነብኝ። ሁለተኛውም... አምስቱም። ቡናው ነው የሞተው አልኩና "ጣዕም የለውም" ብዬ ጻፍኩ።

የሞተው አፍንጫዬ ነበር።

ወንድይፍራው በማግስቱ ማሳል ጀመረ። ሚያዝያ በገባ በዘጠነኛው ቀን ቀበርነው።

እኔ ዳንኩ። ሽታና ጣዕም ግን አልተመለሱም። ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ልምምድ አዘዘልኝ። በየማለዳው ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማና ጤና አዳም ተራ በተራ አፍንጫዬ ሥር ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለማስታወስ እሞክራለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አደረግሁ።

ምንም።

ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። "ዋናው ጤና ነው" ይሉኛል። ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ግን ወሬውም የለው። ወጥ ሲያርብኝ የምትነግረኝ ጎረቤቴ ቆንጅት ናት፣ ከግቢዋ ሆና። ምግብ ለእኔ ወይ ሙቅ ነው ወይ ቀዝቃዛ፣ ወይ ለስላሳ ነው ወይ ሻካራ። በቃ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ይናፍቀኛል።

አሁን ናሙና አልቀምስም። ስም እጽፍባቸዋለሁ።

የቤቱ አፍንጫ ልጄ ሩሃማ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ወተቱን እሷ አሽታ "ደህና ነው" ካላለችኝ አልጠጣም። ልብሴንም አሽታ ነው የምትሸኘኝ። አባቷ ሲሞት ሦስት ዓመቷ ስለነበር መልኩን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ጃኬቱ ልንገራችሁ።

ወንድይፍራው የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ነበረው። ግሪስ፣ ሳሙናና ጤና አዳም ይሸታል። ጤና አዳሙን የደረት ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር፤ "ግሪሱን ትንሽ ያስታርቅልኛል" ይላል። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ አንገቱ ሥር እገባ ነበር።

የቀበርነው ቀን ጃኬቱን አንስቼ ፊቴን ቀበርኩበት። ምንም አልሸተተኝም። ጨርቅ ብቻ።

ያኔ አንድ ነገር አደረግሁ። የእኛ ሥራ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው። ለውጭ የሚላክ ቡና ሽታው እንዳይወጣ የሚታሸግበት፣ አየር የማያሳልፍ ወፍራም አረንጓዴ ፕላስቲክ አለ። ጃኬቱን እዚያ ውስጥ ከተትኩት። አፉን ጠምዝዤ፣ አጥፌ፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። እንደ ናሙናም ጻፍኩበት። "ወንድይፍራው። ሚያዝያ 2013። አይከፈት።"

አፍንጫዬ እስኪመለስ ይቆየኛል ብዬ ነው። አንድ ቀን እከፍተዋለሁ፣ አንዴ ብቻ አሸተዋለሁ፣ የዋሸሁትንም ያኔ እነግረዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አራት ዓመት ቁምሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ደረቅ፣ ጠፍጣፋ፣ አቧራ የለበሰ።

ባለፈው ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ሩሃማ የቤት ሥራዋን እየሠራች ቀና አለች። አፍንጫዋን ነፋ አደረገች።

"እማዬ... ሰው መጣ እንዴ?"

"ማንም የለም።"

"ይሸታል።"

"ምን ይሸታል?"

አሰበች። "እንጃ... የባጃጅ ጋራዥ። የአንቺ ጤና አዳምም።"

ጤና አዳሜን አየሁት። ጠዋት ተለማምጄበት ከነብርጭቆው ውጪ፣ ደጁ ላይ ነው ያለው። ግሪስ ቤታችን ውስጥ ከገባ አራት ዓመቱ ነው።

"የቤት ሥራሽን ቀጥዪ" አልኳት። ሙያ በልብ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቆንጅት ወንፊት ልትዋስ መጣች። አስር ሰዓት ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመችና ፈገግ አለች።

"አንቺ ሙሉካ... ወንድ እንግዳ ደብቀሻል?"

"ምን እያልሽ ነው?"

አንድ እርምጃ ገባች። እንደገና አሸተተች። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ቆንጅት ወንድይፍራውን ዘጠኝ ዓመት ታውቀው ነበር።

"ጃኬቱን... አወጣሽው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አላወጣሁትም።"

ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቤቴ አልገባችም፤ የሚያርብኝን ወጥ እንኳ በስልክ ነው የምትነግረኝ።

የዚያን ዕለት ወንበር ላይ ወጥቼ ፕላስቲኩን አየሁት። እስሩ የእኔው ነው። አቧራው አልተነካም። ግን...

ከውስጥ አልቦታል።

በደንብ ያልደረቀ ቡና ሲታሸግ ፕላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል። ጠብታ ጠብታ ይይዛል። እርጥበት ያለው ፍሬ ይተነፍሳልና። ይህን ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው የተማርኩት። በደንብ የደረቀ ነገር አያልበውም።

ጃኬቱ አራት ዓመት የደረቀ ጨርቅ ነው።

በእጄ ነካሁት። ለብ ያለ ነበር። ፀሐይ አያገኘውም፤ እሳትም አጠገቡ የለም። በማግስቱ ጠብታው በዛ። በሦስተኛው ቀን ፕላስቲኩ ጎደል ጎደል ያለ ትራስ አከለ።

በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሩሃማ እርሳሷን ታስቀምጣለች። "መጣ" ትለኛለች። አትፈራም። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ እስኪያዞረኝ ድረስ አየር እስባለሁ።

ምን ያህል እንደሚያም ላስረዳችሁ አልችልም። ባሌ ቤቱ መጥቷል። የመጣው ግን ሽታው ብቻ ነው። በዚህ ቤት መምጣቱ የማይሸተኝ እኔ ብቻ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እናቱ እማማ ገበያነሽ ከወርቃ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ቆጮ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። የወርቃ ሴት ናቸው፤ ጌዴኦኛ ነው አፍ የፈቱበት፤ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅሉታል።

"አንተ ሙሉካ..." አሉኝ ቀስ ብለው። "ልጄ እዚህ ናት።"

ቆጮው ከእጃቸው ወደቀ። ማንም ሳያሳያቸው ወደ ቁምሳጥኑ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፕላስቲኩን ነኩት፤ ቶሎም መለሱት።

"ለምን አፈንከው?"

"አላፈንኩትም እማማ። ላቆየው ብዬ ነው።"

"ትንፋሽ አጥሯት ሞተች ልጄ። አሁንም ታፍናለህ? ክፈት።"

ወንድይፍራው የሞተው አየር አጥሮት ነው። እኔ በሆስፒታሉ መስታወት በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ።

"ከከፈትኩት ያልቃል" አልኳቸው። "እኔ አልሸተተኝም እኮ። አንድም ቀን አልሸተተኝም።"

እማማ ገበያነሽ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አውቃለሁ" አሉ። "ግን ልጅ አለ። ልጅ ይሽተት።"

ሩሃማን አየኋት። አባቷን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው።

ፕላስቲኩን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እስሩን ፈታሁ፤ እጥፉን ዘረጋሁ፤ ጥምዝዙን መለስኩ። አፉ ሲከፈት ረጅም ድምፅ አወጣ... እ-ፎ-ይ የሚል ዓይነት።

እማማ ገበያነሽ መሬት ተቀምጠው "ኢየሱስ... ኢየሱስ" እያሉ አለቀሱ። ሩሃማ ጭንቅላቷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተተች። ብዙ ቆየች።

ስትወጣ ፊቷ እርጥብ ነበር። እንባዋ ይሁን የፕላስቲኩ ላብ አላውቅም።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ግሪስ። ሳሙና። ጤና አዳም..." ቆመች። "ሌላም አለ። ስም የለውም። አንገት ነው የሚሸተው።"

ተራዬ ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለመጨረሻው ሲኒ እንደምቆመው ቆሜ ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ።

ጨርቅ።

ፊቴን ሳላወጣ፣ እማማ እንዳይሰሙ፣ ነገርኩት። "ያስለኝ ነበር። አውቄ ደበቅሁብህ። እኔ ነኝ ያመጣሁብህ።"

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽታው ከቤቱ ወጣ፤ ሩሃማ ናት የነገረችኝ። እማማ ገበያነሽ ጃኬቱን ይዘው በማግስቱ ወርቃ ገቡ። ለእኔ ባዶው ፕላስቲክ ቀረኝ። ስሙ ስላለበት መጣል አልቻልኩም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ አፉን እንደተከፈተ ቁምሳጥኑ ላይ አነጠፍኩት።

ይሄ የሆነው ማክሰኞ ዕለት፣ እማማ በሄዱ ቀን ነው።

ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ሩሃማ እርሳሷን አስቀመጠች።

"እማዬ።"

"ሸተተሽ?"

"አይ። እዪ።"

መስኮቱ ዝግ ነው። በሩም ዝግ ነው። መጋረጃው ንቅንቅ አይልም።

ባዶው ፕላስቲክ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ቆየ። ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ አለ... የተኛ ሰው ደረት እንደሚያደርገው።

ውጪ ልጆቹ ኳስ ይራገጣሉ።

ወንበር ላይ ወጣሁ። ፊቴን ወደ ተከፈተው አፍ አስጠጋሁና ጠበቅሁ።

"እማዬ... ሸተተሽ?" አለችኝ ሩሃማ በሹክሹክታ።

ምንም አልሸተተኝም።

ግን ፕላስቲኩ ዝቅ ባለ ቁጥር... ፊቴን ይሞቀኝ ነበር።