የሰባት ሰዓት ቀጠሮ

«ወልደ ሚካኤል። ሳህሉ። ተፈራ።»

አቶ ብርሃነ መስቀል ሦስቱን ስሞች አንድ በአንድ ጠሩና የብዕራቸውን ክዳን ፈቱ። ከፊታቸው የባቡር መስመሮች ካርታ ተዘርግቷል፤ ከካርታው ጎን በማስመሪያ የተሰመረ ነጭ ወረቀት አለ። የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ፍሬምናጦስ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ይጠብቃል። ይህ የስም ጥሪ ለእርሱ አዲስ አልነበረም። ወልደ ሚካኤል ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጣውን ሐዲድ ካነጠፉት ሰዎች አንዱ፣ ልጃቸው ሳህሉ የአዋሽ ጣቢያ ሹም፣ የሳህሉ ልጅ የአያቱ አባት ተፈራ ደግሞ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚያወጡ የጽሕፈት ቤት ሰው ነበሩ።

«ሳህሉ አንድ ቀን ባቡሩን አሥራ አንድ ደቂቃ አዘገዩ» አሉ አያቱ።

«አይ ኖው፣ አባባ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ራሱ ጻፈ።»

«ጻፉ።»

«ጻፉ። ሶሪ።»

«ማንም ሳይጠይቃቸው ‹ያዘገየሁት እኔ ነኝ› ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ በአዋሽ ጣቢያ ስሕተት የሠራ ሰው ራሱ ይመዘግብ ነበር እንጂ ሌላ ሰው አይመዘግብበትም ነበር። እንግዲህ ወደ ሥራችን።»

ሥራቸው ፍሬምናጦስ «ዘ ሉፕ»፣ አያቱ ደግሞ «ዙሪያው» የሚሉት ታላቅ ጉዞ ነበር። ኦክላንድ ከተማ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤታቸው ተነሥተው በባርት ባቡር ሳን ሆዜ ይወርዳሉ። ከዚያ በአውቶቡስ ዲሪዶን ወደሚባለው አሮጌ ጣቢያ ሄደው የየአገሩ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ሲያዩ ያረፍዳሉ። ቀጥሎ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሳን ፍራንሲስኮ ገብተው፣ ባቡሮቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚያድሩበትን የመጨረሻ ጣቢያ ጎብኝተው፣ በባሕሩ ሥር ወደ ኦክላንድ ይመለሳሉ። የክፍል ጓደኞቹ የስፖርት ጫማ ሲሰበስቡ ፍሬምናጦስ የሚሰበስበው የባቡር ቁጥር ነው፤ ያየውን ሁሉ በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ይመዘግባል።

እናቱ ሠናይት ጉዞውን የፈቀደችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፦ መጀመሪያ አጭር ሙከራ። ቅዳሜ ፍሬምናጦስ ፍሩትቬል አካባቢ የሒሳብ ትምህርቱን ሲጨርስ አያቱ ጣቢያው ላይ ያገኙታል፤ ሳን ሆዜ ደርሰው ይመለሳሉ። ሙከራው ከሠመረ ዙሪያው ይፈቀዳል።

አያቱ የቀጠሮውን ሰዓት በግዕዝ አኃዝ ጻፉት።

«ስልኬ ላይ ልጻፈው?»

«ስልክ ባትሪ ያልቅበታል፤ ወረቀት ምን ያልቅበታል? ይልቅ ማንበብ ትችላለህ?»

«ኦፍ ኮርስ! የሐበሻ ሰዓት አይደል? ስድስት እደምርበታለሁ።»

የሰንበት ትምህርት ቤት እያለ ከአንድ እስከ አሥር ያለውን የግዕዝ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሸመደደው እርሱ ነበርና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ እንኳ ሳያይ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፍሩትቬል ጣቢያ ደረሰ። ወረቀቱን አውጥቶ አየ። ስድስት ሰዓት፤ ስድስት ሲደመርበት አሥራ ሁለት። ልክ ነው። አያቱ ግን የሉም። የሳን ሆዜው ባቡር መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ሄደ። በሕይወታቸው አንዲት ደቂቃ አርፍደው የማያውቁት ሰው ሠላሳ ደቂቃ አረፈዱ። ወደ ስልካቸው ደወለ፤ እንደ ልማዳቸው ቤት ጥለውት ስለወጡ ባዶ ቤት ውስጥ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ፍሬምናጦስ አያቱ መንገድ ላይ ወድቀው በዓይነ ሕሊናው ታዩት። እናቱ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ደወለ።

ሠናይት ተራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ የነርስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጣች። እናትና ልጅ መድረኩ ላይ ቆመው ወዴት እንደሚሄዱ ሲማከሩ የሊፍቱ በር ተከፈተ። አቶ ብርሃነ መስቀል ኮታቸውን ቆልፈው፣ ከረባታቸውን አሥረው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ብቅ አሉ።

«ሠናይት!» አሉ ደስ ብሏቸው። «አንቺም ልትሳፈሪ ነው?»

«አባዬ፣ ልጁን አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ አቁመውት የት ነበሩ?»

«ቀጠሯችን ሰባት ሰዓት ነው። አሁን ሰባት ሰዓት ነው።»

«ኖ!» ፍሬምናጦስ ጮኸ። እስከዚያ ያፈነው ፍርሃት ቁጣ ሆኖ ወጣ። «ስድስት ነው የሚለው! ስድስት ብለህ ነው የጻፍከው! ዩ ፎርጎት!»

‹አንተ› መባላቸውን እንዳልሰሙ አለፉት። «ወረቀቱን አሳየኝ» አሉ ብቻ።

ኪሱን ፈተሸ፣ ቦርሳውን በረበረ። በድንጋጤው መካከል የት እንደከተተው ጠፋው። «አላገኘሁትም። ግን ስድስት ነው የሚለው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ሠናይት ቤት ገብታ ቁልፏን እንኳ ሳታስቀምጥ የአባቷን የባቡር ካርድ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ከእንግዲህ ብቻዎን አይወጡም፣ አባዬ። በገና ሰሞን ምድጃውን ሳያጠፉ ወጡ፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው። ለሰኞ ሳምንት የማስታወስ ምርመራ አስይዝልዎታለሁ።»

«የምድጃውን ነገር እኔው ነኝ የነገርሁሽ» አሉ አባቷ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ። «ሳጠፋ አጠፋሁ እላለሁ። የዛሬውን ግን አላጠፋሁም።»

ድምፅዋ ለሰለሰ። «የረሳ ሰው መርሳቱን በምን ያውቃል፣ አባዬ?»



ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጠበበ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁን ይዞሩ የነበሩት ሰው አምስተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት ዳር ተቀመጡ። ጎረቤት በቀን ሁለት ጊዜ እያንኳኳች «ደኅና ነዎት?» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም ከወንበራቸው ተነሥተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል። ወደ ወደቡ የሚሄደው የጭነት ባቡር ከሩቅ ሲጮኽ ሰዓታቸውን ያያሉ። «ስምንት ደቂቃ ዘገየ» ይላሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ግን አይታወቅም። ካርታው በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ ሳይታጠፍ ሰነበተ።

ፍሬምናጦስ አዘነላቸው። በእርግጥ አዘነላቸው። ነገር ግን ሐዘኑ ንጹሕ ነበር፤ ራሱን የሚከስበት ነገር አልነበረውም። እስከ ረቡዕ ድረስ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ከጓደኛው ከብሩኬ ጋር የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። ብሩኬ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሰማያዊውን ደብተር ሲያገላብጥ የታጠፈ ወረቀት ከገጾቹ መካከል ወደቀ።

«አቦ! የአያትህ ጽሑፍ ናት? እንዴት ታምራለች!» አለ ብሩኬ ገልጦት። «‹ፍሩትቬል፣ በሰባት ሰዓት።›»

«ስድስት።»

«ሰባት ናት ባክህ።»

«ብሮ፣ ስድስት ነው።»

«ኦክላንድ ተወልደህ እኔን የግዕዝ ቁጥር ልታስተምረኝ? ና እያት።» ብሩኬ እስክሪብቶ አውጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፋቸው፦ ፮ ፯። «መንታ ናቸው። እኔም በነሱ ጦስ አራተኛ ክፍል ተኮርኩሜአለሁ፤ እስካሁን አናቴን ይበላኛል።»

ፍሬምናጦስ አልሳቀም። ወረቀቱን ወደ ብሩኬ ጽሑፍ አስጠጋ፤ መልሶ አራቀ፤ እንደገና አስጠጋ። አያቱ የጻፉት ሁለተኛውን ነበር። ምንም አያጠራጥርም።

ብሩኬም ነገሩ ገባው። «ቆይ፣ ያን ቀን... አልረሱም ማለት ነው?»

«አልረሱም።»

ብሩኬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝማ። ፋሲል ቅዳሜ ኦፍ ነው፤ ዙሪያውን ይወስደናል። ማዘርህን ደውሎ አስፈቅዷታል።» ፋሲል የብሩኬ ታላቅ ወንድም ነው፤ በኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን ከባድ መኪና ይነዳል። «አሁን ሄደህ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ብትላት ትለቅሃለች? አትጃጃል። ቅዳሜን እንሂድ፤ ከዚያ ትነግራታለህ። ሦስት ቀን ነው፤ ምን ይሆናሉ?»

ሦስት ቀን። ሲሰሙት ትንሽ ነው።

ፍሬምናጦስ ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር ደበቀው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ያን ቀን ጣቢያ ላይ ያመለጠችው «ስድስት» አሁን ቤቱን ሞልታ መተላለፊያ አሳጣችው። ሳሎን ሲገባ አያቱ መስኮት ዳር አሉ፤ መኝታ ቤት ሲገባ ወረቀቱ ከጎኑ ሥር አለ። ሐሙስ ማታ እናቱ «ፋሲል ጨዋ ልጅ ነው፤ እርሱን አትለየው፣ ፎቶ ቶሎ ቶሎ ላክልኝ» ስትለው «ኦኬ» አለ። አያቱ ከወንበራቸው ሆነው «ዲሪዶን ስትደርሱ በስተ ምሥራቅ ባለው መድረክ ቁሙ፤ ፀሐይ ዓይናችሁን አይመታችሁም» አሉት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አቶ ብርሃነ መስቀል ጠረጴዛው ዘንድ ነበሩ። ከፊታቸው ያለው ገጽ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል፦ ፮ ፯ ፮ ፯ ፮ ፯። የፊደል ገበታ የተሰጠው የቆሎ ተማሪ መስለው ነበር።

«ና እስቲ፣ ፍሬምናጦስ» አሉ። «የአንተ ዓይን ጥሩ ነው። እነዚህ ይለያሉ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። የአያቱን ጽሑፍ ይህን ያህል ተንጋዶ አይቶት አያውቅም። ሆኖም ሁሉም ይለያሉ።

«ይለያሉ፣ አባባ።»

«ለእኔም የሚለያዩ ይመስለኛል።» ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ነገር ግን ሳስበው ሰነበትሁ። ልቤ ሰባት ሲል እጄ ስድስት ጽፎ ይሆናል። አንተ በዓይንህ አይተሃል፤ አንተ ደግሞ ዋሽተህ አታውቅም። ሰው ለራሱ ብቻውን ምስክር መሆን የለበትም።»



አያቱ መሳቢያውን ስበው ጥቁር ሽፋን ያለውን የራሳቸውን መዝገብ አወጡ። በገና ሰሞን የምድጃውን ነገር የጻፉት በዚያ ነው። አዲስ ገጽ ገለጡ፤ ማስመሪያቸውን አስደግፈው መስመር አሰመሩ።

«ወልደ ሚካኤል፣ ሳህሉ፣ ተፈራ» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። «ከሠራሁት እኔው ልመዝግበው። ሰኞ ሐኪሙ ከመጻፉ በፊት።»

የውጩ በር ቁልፍ ተንቀጫቀጨ፤ ሠናይት ከሥራ መግባቷ ነው። በዚያው ቅጽበት የፍሬምናጦስ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተርገፈገፈ። አውጥቶ አየው። ከብሩኬ ነበር፦ «ነገ ጠዋት ሌክ ሜሪት ጣቢያ። እንዳታረፍድ ጀለስ! ሳን ፍራን ስንገባ ይታይህ!»

የአያቱ ብዕር ወረቀቱን ነካ። «ያሳሳትሁት» ብሎ ጀመረ፤ ጥቁሩ ቀለም ገና አልደረቀም።

«አባባ፣ አይጻፉ!»

አቶ ብርሃነ መስቀል ቀና አሉ። ልጁ ግን ወደ መኝታ ቤቱ እየሮጠ ነበር። ሲመለስ እናቱ ኮቷን እያወለቀች ቆማለች፤ የአባቷን ፊት አይታ፣ የልጇን ፊት አይታ፣ አንዱን እጅጌ አውልቃ ሌላውን ረስታዋለች።

«ምንድነው? ምን ሆናችሁ?»

ፍሬምናጦስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ወረቀቱን ዘረጋና ቁጥሮች ከሞሉበት ገጽ አጠገብ አኖረው፤ መታጠፊያውን በጣቱ ደጋግሞ ዳመጠው። እንግሊዝኛው ምላሱ ላይ ቀርቦ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ቢሆን ቶሎ ብሎ ይወጣል፣ ቀለል ብሎም ይሰማል። ዋጠው። ከአያቱ እጅ ብዕሩን ተቀበለ፤ የተጀመረችውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዛት፤ ከሥሯ የራሱን ስም ጻፈ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«ሰባት ነው የሚለው፣ ማሚ። አባባ በሰዓታቸው ነው የመጡት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ከረቡዕ ጀምሮ አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»