ትከሻዋ ጤነኛ ነበር

«ውጪ!» አለች ሚጢጢ፣ ጣቷን ሽቅብ ቀስራ። ቃሉ ከአፏ ወጣ እንጂ ዓይኗ ገና አይቶ አልጨረሰም። አይቶ ሲጨርስ ግን ኳሷ ነጩን የኋላ መስመር ነክታ ነው ያለፈችው። ቀዩ አፈር ላይ የተወችው ክብ ምልክት ግማሹ መስመሩ ላይ ተቀምጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በእንደዚህ ዓይነቱ የታዳጊዎች የቴኒስ ውድድር ለየሜዳው ዳኛ አይመደብም። እያንዳንዷ ተጫዋች በራሷ በኩል ያረፈችውን ኳስ ራሷ ትፈርዳለች፤ የተጠራጠረች ተጋጣሚ ደግሞ ምልክቱን አሳዪኝ ብላ መረቡን ዞራ መምጣት ትችላለች። ከማዶ ያለችው ረጅሟ ልጅ ራኬቷን ዝቅ አድርጋ መምጣት ጀመረች። ሚጢጢ ያኔ ነው ቀኝ እግሯን ምልክቱ ላይ አሳርፋ ሸርተት ያደረገችው፣ እንደ ዋዛ፣ ጫማዋን እንደምታራግፍ ሰው። ረጅሟ ልጅ ደርሳ የተድበሰበሰውን አፈር አየች፤ ሚጢጢንም አየች። የውድድሩን ኃላፊ ልትጠራ ትችል ነበር፤ አልጠራችም። ምንም ሳትል ተመለሰች። ምናለ ብትሰድበኝ፣ አለች ሚጢጢ በልቧ።

ሠላሳ እኩል የነበረው ነጥብ በቴኒስ አቆጣጠር አርባ ለሠላሳ ሆነ። አንዲት ነጥብ ብትጨምር ጨዋታው አለቀ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችለት የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ገባች ማለት ነው። ሰርቭ አድርጋ ኳሷን ልታስጀምር ስትዘጋጅ ዝናቡ ዱብ ዱብ አለና ወዲያው ዶፍ ሆነ። ኃላፊው ጃንጥላውን ይዞ እየሮጠ መጥቶ ቀሪው ነገ ጠዋት እንደሚቀጥል ነገራቸው።

የሚጢጢ አሰልጣኝ አክስቷ ናት። የሚያከብራትም የሚያሾፍባትም «ሻምፒዮን» ነው የሚላት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሴቶችን ዋንጫ ስትወስድ ፎቶዋ ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም። ከዚያ እንደ ወጣች ወረደች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን ዙር ማለፍ አቃታት። ጋዜጦቹ ትከሻዋ ተጎድቷል ብለው ጻፉ። በሃያ ስምንት ዓመቷ ተመልሳ ዋንጫውን ዳግመኛ አነሳች፤ በዓመቱ ራኬቷን ሰቀለች። ዛሬ ክለቡ ሜዳ ጠባቂ እያለው በየማለዳው ሜዳውን የምትጠርገው እሷ ናት፤ የቀኙን ጥግ ደግሞ ደጋግማ። ሜዳ ጠባቂው ሻምፒዮናችን ዋንጫ ሰልችቷት መጥረጊያ ተሸለመች እያለ ይቀልድባታል፤ ሚጢጢም አብራው ትስቅ ነበር።

ዝናቡ የዕቃ ክፍሉን ጣሪያ ይደበድባል። አክስቷ ፎጣ አቀበለቻት እንጂ ጎሽ አላለቻትም። ሚጢጢ ጫማዋን ፈታች። ሁለቱም ሶሎች ቀይ አፈር ይዘዋል፤ ዓይኗ ግን ከቀኙ አልነቀል አለ።

«እግርሽን አይቼዋለሁ» አለች አክስቷ።

ሚጢጢ ጫማውን ከኋላዋ ደበቀችው። አዳልጦኝ ነው ልትል ፈለገች፤ ግን ተወችው።

አክስቷ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ዋንጫ በወሰደችበት ዓመት፣ ገና በሁለተኛው ዙር፣ ዳኛ በሌለው ሜዳ ላይ ልትሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት፣ በቀኙ ጥግ መስመር የነካች ኳስ ውጪ ብላ ምልክቷን በእግሯ እንዳጠፋች ነገረቻት። ተጋጣሚዋ ግራኝ ልጅ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ቴኒስ ተወች።

«ትከሻሽስ?» አለች ሚጢጢ።

«ትከሻዬ ጤነኛ ነበር። ኳስ ወደዚያ ጥግ በመጣ ቁጥር ምልክቱ ይታየኛል፣ እጄ ይታሰራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አይደል? እኔ ላይ ተገለበጠ። ከዓመታት በኋላ ልጅቷን ገበያ ላይ አገኘኋት፤ አቅፋ ሳመችኝ። ጨርሶ ረስታዋለች።»

«ሁለተኛውን ዋንጫ ግን በንጹህ ነው የበላሽው።»

«ምልክቱን እሱ ያጠፋልኛል ብዬ ነበር።»

ሚጢጢ ፈራች። አክስቷን እንዲህ አንገቷን ደፍታ አይታት አታውቅም። ታዲያ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ ያላደረግሁትን አድርጊ የምልበት አፍ የለኝም» አለች አክስቷ፣ ፎጣውን እያጠፈች።

 ጠዋት ሚጢጢ ስትደርስ ሜዳው ተጠርጎ፣ መስመሮቹ ተወልውለው ነጭ ሆነዋል። ምልክቱ የነበረበት ቦታ ምንም የለም፤ ለሷ ግን ክቡ እዚያው ነው። ሄዳ ደግማ በእግሯ ልታሸው ሲቃጣት ደነገጠች። የቡድኑ መራጭ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጧል። ኃላፊው ከትናንቱ ወረቀት ላይ አርባ ለሠላሳ ብሎ አነበበና ወደ ሌላው ሜዳ ሄደ።

ሰርቭ የምታደርግ ተጫዋች ከመምታቷ በፊት ነጥቡን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የራሷን አስቀድማ፣ የተጋጣሚዋን አስከትላ። ሚጢጢ ኳሷን አነጠረች። ደግማ አነጠረች። መራጩ ቀና ብሎ አያት።

«ሠላሳ ለአርባ» አለች።

ረጅሟ ልጅ ተደናገረች። «ኧረ ተሳሳትሽ፤ አርባው ያንቺ ነው።»

«ያንቺ ነው። የትናንቷ መስመሩን ነክታለች፤ ምልክቷን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

 ረጅሟ ልጅ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ጎንበስ አለች። ሚጢጢ ምልክቱ የነበረበትን ቦታ ዞራ አላየችም። ኳሷን ወደ ላይ ወረወረች።