በጸጥታ ሰዓት ያልቀለጠ በረዶ

ስታማቲስ ቩርሉሚስ ቀኝ እጅጌውን እስከ ክርኑ እንደጠቀለለ፣ ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ በሚያረባባቸው አምስት የመስታወት ገንዳዎች መካከል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ትልቁ ገንዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሰጥሟል። በካላማታ ከተማ፣ በሐምሌ፣ በአርባ ሁለት ዲግሪ ሰው በሙቀት ቢሞት ማንም አይገረምም። ስታማቲስ ግን የሞተው ሲያቀዘቅዝ ነው።

መቶ አለቃ ዶምና ካትሳሩ ከፖሊስ ጣቢያው ወጥታ አደባባዩን ስታቋርጥ እጇ ላይ አይስክሬም ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ አይስክሬሙ ሸሚዟ ላይ ነበር። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከሞተ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆነዋል። አደጋ ብለሽ ፈርሚና ወደ ጥላ እንሂድ።»

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ የቆመች ሴት። የሟቹ ሚስት ፖሊክሴኒ ናት፤ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

ዶምና የምትፈርመውን ወረቀት አጠፈች። «እንዴት አድርገው ገደሉት?»

«ማራገቢያውን ገንዳው ጠርዝ ላይ የሚይዘው መቆንጠጫ ተሰብሮ ነበር። ጠዋት "እስቲ እሰሪልኝ" አለኝ። በሹራብ ክሬ አሰርኩለት። ሦስት ቋጠሮ። አራተኛውን ልጨምር ስል ወጡ አረረብኝ።»

ያንን አራተኛ ቋጠሮ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስር እንደምትኖር ፊቷ ይናገር ነበር።

ዶምና አልፈረመችም። ክፍሉን መዞር ጀመረች። ሕንፃው ያረጀ ነው፤ የዚህ ክፍል ፊውዝ ለብቻው ተቃጥሏል፤ ኩሽናው መብራት አለው። የገንዳዎቹን መብራት የሚያበራና የሚያጠፋው ክብ ሰዓት ዘጠኝ ከአሥር ላይ ቆሟል። በረንዳው ላይ ያለው ትልቅ የማቀዝቀዣ ሞተርም ዝም ብሏል።

«ሞተሩንስ ምን ነካው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታማቲስ ራሱ ያጠፋዋል። ሰው ከሰዓት ለሚተኛበት ለጸጥታው ሰዓት። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ድምፅ ከተሰማ ከታች ያለው ሰውዬ ፖሊስ ይጠራል።»

«አውቀዋለሁ። ከእናቴ ይልቅ የሚደውልልኝ እሱ ነው። ታዲያ እስከዚያ በምን ያቀዘቅዛል?»

«በበረዶ። ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ያቀዘቅዝና ገንዳው ላይ ያንሳፍፋል። ትልቁ ላይ ሦስት፣ ሌሎቹ ላይ አንድ አንድ። ሰዓት አይሞላውም፣ ይቀልጣል፤ ይቀይራል። ውሃው ሃያ ስምንት ካለፈ ኮራሉ ይሞታል ሲል ነው የሚውለው። ፍሪዘሬን ወርሶኛል፤ ለዓሣዬ አንዲት ጥግ ነው የተረፈችኝ። ያውም "ያንን ጨዋማ ጠርሙስ ሳታጥብ ከምግቤ ጋር እንዳታስገባ!" ብዬ ስጮህበት ሃያ ዓመት።»

«ያጥብ ነበር?»

«ያጥባል። ያደርቃል። ይፈራኝ ነበር» አለችና አለቀሰች።

ማንም ሳይጠራው የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ወጣ። አቶ ትራሲቮሎስ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጎረቤቶቹን ይቆጣጠራል። ደብተር ይዟል።

«አንደኛ፣ ነፍስ ይማር» አለ። «ሁለተኛ፣ ዛሬም ሕግ ተጥሷል።»

«ማን ጣሰ?»

«ሟቹ! ይኸው ጽፌዋለሁ። አሥር ሰዓት ከአሥር፦ ከኩሽና ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ኩሽና፣ ኮቴ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር፦ እንደገና ኮቴ። ያውም በጫማ!»

«ሰዓቱን እርግጠኛ ነዎት?»

«መቶ አለቃ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ባቡሩ እኔን እያየ ነው ሰዓቱን ያስተካከለው።»

«እንግዲያው ከዚህ እንዳይሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅመውኛል።»

ትራሲቮሎስ መሰደቡን ወይም መመስገኑን ሳይለይ ግድግዳውን ተደገፈ።

ቀጥሎ የመጣው ሌአንድሮስ ማንዱቫሎስ ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ነው፣ የሟቹ የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛ። ፖሊክሴኒ ገንዳዎቹን የሚያውቅልኝ ሰው ብላ ደውላለት ነው። አማተበ፣ ፖሊክሴኒን አቀፈ፣ አለቀሰ። ለቅሶው የምር ነበር። ዶምና ግን የምታየው እጆቹን ነው።

«ከሰዓት የት ዋሉ?»

«ቤቴ ተኝቼ። በዚህ ሙቀት የት ይኬዳል?»

«እርስዎም ገንዳ አለዎት?»

«ነበሩኝ፣ አራት። አምና በነሐሴ መብራት ጠፋ። እኔ ደሴት ሄጄ ነበር። ስመለስ ውሃው ሠላሳ አራት፣ ኮራሉ ሁሉ አጥንት መስሎ ነጭ።» ወደ ትልቁ ገንዳ አገጩን ቀሰረ። «ያቺ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ኮራል የኔ ነበረች። እኛ ኮራል የምናረባ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ከኔ ቆርጬ እሰጥሃለሁ፣ የኔ የሞተ ቀን ካንተ ቆርጠህ ትመልስልኛለህ። አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግኳት ዘር ያለው አሁን እዚህ ብቻ ነው።»

«መለሰልዎት?»

«ሲበርድ ብሎኛል።»

«እንደዚያ አይደለም ያለህ፣ ሌአንድሮስ» አለች ፖሊክሴኒ ቀስ ብላ። «"አንተ ጋ ሄዶ የተረፈ ነገር አለ እንዴ?" ነው ያለህ። በፋሲካ፣ ማዕድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ዶምና ኩሽና ገባች፤ ፍሪዘሩን ከፍታ አንድ ጠርሙስ አወጣችና ምላሷን አስነካችው። ሐኪሙ ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጣ ብሎ ሰጋ። ተመልሳ በሩን ዘጋችና ሦስቱንም ገንዳዎቹ ፊት አቆመቻቸው።

«ከክሩ እንጀምር» አለች። «ወይዘሮ ፖሊክሴኒ፣ ይዩት። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አልተበጠሰም። ከባድ ነገር ክር ይበጥሳል እንጂ ቋጠሮ አይፈታም። ስታማቲስ ራሱ እንዳይፈታው ደግሞ፣ እጅጌው እንደሚያሳየው አንድ እጁ ውሃ ውስጥ ነበር፤ በአንድ እጅ ሦስት ቋጠሮ አይፈታም። ሌላ ሰው ፈትቶታል።»

ፖሊክሴኒ ጎንበስ ብላ ክሩን አየች።

«ማራገቢያው ውሃው ውስጥ ሲገባ ፊውዙ ተቃጠለ፣ ሰዓቱም ቆመ። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ስታማቲስ ሞቷል ማለት ነው። ታዲያ አሥር ከአሥር ላይ እዚህ ቤት የተራመደው ማነው? አሥራ አንድ ከአሥር ላይስ? እነዚህን የሚንሳፈፉ ጠርሙሶች እዩ። ሁሉም ውስጥ የእንቁላል ያህል በረዶ አለ። ሰው ከሞተ ሦስት ሰዓት በሆነው ቤት ውስጥ፣ በሰዓት ውስጥ የሚቀልጥ በረዶ እንዴት ተገኘ? አምስቱም ቴርሞሜትር ሃያ ስድስት ነው። ሞቶም አቀዘቀዘ?»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ትራሲቮሎስ። «እኔ ቀቅዬ እበላቸው ነበር!»

«ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩዎት። ለየትኛው ገንዳ ስንት ጠርሙስ እንደሚገባ አያውቁም። ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ያውቃሉ፤ ግን እሳቸው ቢሆኑ ጠርሙሱን ያጥቡ ነበር። ፍሪዘሩ ውስጥ አሥራ አራት ጠርሙስ ከዓሣው ላይ ተጥሏል፤ ገና አልረጋም፣ ላዩ ጨው ነው። ገንዳውን የሚያውቅ፣ የኩሽናውን ሕግ የማያውቅ ሰው።» ወደ ሌአንድሮስ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ መብራት የሌለው ክፍል ገቡ፤ አምና ይኸው ነገር ዕድሜዎን የበላብዎ ሰው ነዎት። መስታወቱን አልነኩም፤ ቴርሞሜትሩን ዞር ብለው አላዩም። ስንት እንደሚል ያውቁ ነበር።»

ሌአንድሮስ አልካደም።

«መቁረጫዬን ይዤ መጣሁ» አለ። «የጥፍር ያህል ነው የለመንኩት። "ትገድላታለህ" አለኝና ሳቀ። እጁን ነክሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይስቃል።»

«ሦስት ቋጠሮ ነበር» አለች ዶምና። «በየመካከሉ ማቆም ይቻል ነበር። ከዚያም ሐኪም አልጠሩም። ሬሳውን እየተሻገሩ በረዶ ቀየሩ።»

«እሱ ሞቷል። እነሱ ምን አጠፉ?»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያለው መገረም እውነተኛ ነበር። መቁረጫው ኪሱ ውስጥ ተገኘ፤ ከወይን ጠጇ ግን ምንም አልቆረጠም። በዚህ ሙቀት ብትቆረጥ ትሞታለች።

ፖሊሶቹ ሲያወጡት ደረጃው ላይ ሆኖ ጮኸ፤ «ወይዘሮ ፖሊክሴኒ! አሁን ይቀየር! ትልቁ ላይ ሦስት!»

ትራሲቮሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጸጥታው ሰዓት አልፏል። ከኩሽና ገመድ ስበው ሞተሩን ቢያበሩት… ሌሊቱንም ቢሆን እኔ አልናገርም።»

ፖሊክሴኒ ክሩን በጣቷ እየጠቀለለች ነበር።

«አራተኛ ቋጠሮ ባስር ኖሮስ፣ መቶ አለቃ?»

«አራተኛውንም ይፈታው ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ሰባቱን ጠርሙሶች ከገንዳዎቹ አንድ በአንድ አወጣች፤ ኩሽና ወስዳ በቧንቧ ውሃ አጠበች፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቀች፣ ከዓሣዋ አጠገብ ደረደረችና ፍሪዘሩን ዘጋች። በምትካቸው ወደ ገንዳዎቹ ምንም አውጥታ አልተመለሰችም።

ዶምና ቆማ የትንሹን ገንዳ ቴርሞሜትር አየች። ሃያ ሰባት ይላል። ወረቀቷን አንስታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።