ሁለት አጭር ክላክስ

ፒካፑ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጮኸ፤ ከዚያ መንገዱ ሁሉ ጸጥ አለ።

ከፊት ጎማው ሥር አንድ ትንሽ ጥቁር ጫማ ተጨፍልቋል። ከጫማው አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ወላቄ ቆሟል። አንደኛ ክፍል ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ከወለቁ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ወላቄ ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። አላለቀሰም። ጎማውን አየ፤ ጫማውን አየ።

«ጫማዬን ረገጠው» አለ።

በመንገዱ መሃል የቆመችው ልጅ አልመለሰችለትም። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳለች። «ቁም» የሚለው ክብ ምልክት ግን መሆን ያለበት ቦታ፣ ከራሷ በላይ፣ አልነበረም። ግራ ብብቷ ውስጥ ተወሽቋል። ቀኝ እጇ ገና አየር ላይ ነው፤ ለአባቷ እያውለበለበች ነበር።

ትራፊኳ ይሏታል። ስምንተኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ፊት ባለው ዜብራ ላይ መኪና የምታስቆመው እሷ ናት። ጓደኛዋ ሬዲዮ ከማዶ ጠርዝ ላይ ሆኖ ትንንሾቹን ይሰበስባል፤ እሷ ምልክቱን ስታነሳ ይለቃቸዋል። ሬዲዮ የተባለው አፉ ስለማይዘጋ ነው።

በዚያ ሰዓት ያ መንገድ መንገድነቱን ይረሳል። መኪናው በሁለት ረድፍ፣ አንዳንዴም በሦስት ይቆማል። የኋላ በር በመንገዱ በኩል ይከፈታል፤ ቦርሳ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ልጅ ይወርዳል፤ የረሳው ውሃ ከኋላው ይወረወርለታል። እያንዳንዱ ወላጅ ቢችል ልጁን እክፍሉ ድረስ ነድቶ ወንበሩ ላይ ሊያወርደው ይፈልጋል። ከኋላ ያለው ይነፋል፤ ከፊት ያለው «አንድ ደቂቃ» በሚል ጣቱን ያሳያል። የበሩ ጥበቃ ለትራፊኳ ሥራውን ሲያስተምራት የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋ እግር ጠርዙን ሳትረግጥ ምልክቱ አይወርድም።

አባቷ የዳቦ መኪና ሾፌር ነው። ገና ሳይነጋ ከዳቦ ቤቱ ይጭናል፤ እሷን ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ያወርዳታል፤ ከዚያ ለታች ሰፈር ሱቆች ሲያከፋፍል ቆይቶ ይመለሳል። ከዜብራው ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ሲደርስ ሁለት አጭር ክላክስ ያሰማል። ጢጥ፣ ጢጥ። ከዚያ ታጥፎ ይሄዳል። ሰውየው ቃል ቆጣቢ ነው፤ እናቷ ምላሱን ዳቦ ቤት ረስቶት ይመጣል እያለች ትስቅበታለች። «ደህና ዋይ» ሲል ልጁ ሰምታው አታውቅም። ደህና ዋይ የሚላት በክላክሱ ነው፤ እሷም እጇን ታነሳለታለች።

ያን ቀን ክላክሱ ሲሰማ ልጆቹ ተሻግረው ያለቁ መስሏት ነበር። ምልክቱን ወደ ብብቷ አዛውራ ወደ መታጠፊያው ዞረች። ወላቄ ግን ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው ጫማ ሰፍቶት መሃል ላይ ወልቆበት፣ ሊያነሳው ተመልሷል። ከላይ የመጣው ፒካፕ ምልክቱ ሲወርድ አየና ተነሳ። የዳቦ መኪናው ያኔ ታጥፎ ሄዷል፤ አባቷ ምንም አላየም።

የፒካፑ ሾፌር ወረደ። ምልክቱ ወርዶ ነው የተነሳሁት ቢል ጥበቃው አልሰማውም። በቁጣ አፉን አስያዘው።

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ትራፊኳንና ሬዲዮን ቢሮ አስጠርታ የሆነውን ጠየቀች። ትራፊኳ አፏን ሳትከፍት ሬዲዮ ቀደመ። ልጆቹ ተሻግረው አልቀው ነበር፤ መንገዱን ከለቀቅነው በኋላ ነው ወላቄ ለጫማው ብሎ ሮጦ የገባው፤ አለ። ትራፊኳ ወለሉን አየች። አላስተባበለችም።

በዚያው ተወሰነ። ወላቄ ከነገ ጀምሮ በግርግሩ ሰዓት ያለ አዋቂ እንዳይሻገር። የሚያሻግረው አዋቂ ግን የለም። እናቱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ የፋብሪካው ሰርቪስ የሚነሳው ማልዶ ነው። ስለዚህ ከማዶ ፋርማሲው ደረጃ ላይ ተቀምጦ መኪናው እስኪቀልል ይጠብቃል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያመልጠው ያምልጠው።

ሬዲዮ ከቢሮ ሲወጡ በክርኑ ነካት። «ሰደርያውን ሊነጥቁሽ ነበር እኮ። አተረፍኩሽ።»

«አልጠየቅኩህም።»

«ጓደኛ እስኪጠየቅ ይጠብቃል እንዴ? ደሞ ልጁ ምንም አልሆነ። አታካብጂ።»

ማታ አባቷ ግቢ ውስጥ የዳቦ ሳጥኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውል ነበር። እንደ ሁልጊዜው ሌላ ጨርቅ ይዛ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ልትነግረው ነበር። አንዱን ሳጥን ጨረሰች፤ ሁለተኛውን ጀመረች። «አባዬ» ስትል እሱም የሚለው ነገር ኖሮት ቀደማት።

«ዛሬ በደንብ አየሁሽ» አለ። «ፀሐይ ነበር። ሰደርያሽ ከሩቅ ያበራል።»

ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ፈገግ ብሎ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ብትነግረው ክላክሱ ይቀራል፤ አባቷን ታውቀዋለች። ያልጨረሰችውን ቃል ዋጠችው።

በማግስቱ ክላክሱ በሰዓቱ መጣ። ጢጥ፣ ጢጥ። ምልክቱን በሁለት እጇ ይዛ አልዞረችም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ተጨመረ። ጢጥ። አባቷ ሦስተኛ ነፍቶ አያውቅም። ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። አሁንም አልዞረችም።

ደወሉ ተደውሎ መንገዱ ቀለል ሲል ወላቄን ልታሻግረው ሄደች። ፋርማሲው ደረጃ ላይ ቦርሳውን እንዳዘለ ተቀምጧል። ከርቀት ሲያያት ተነስቶ አንድ እግሩን ዘረጋላት። የተጨፈለቀው ጫማ ተቃንቶ፣ ከሶሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሲባጎ ተጠፍሯል።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ። «አሁን አይወልቅም። ሁለተኛ አላስቆጣሽም፤ እሺ?»

«እኔ መቼ ተቆጣሁህ?»

«ትናንት ሳናግርሽ ዝም አልሽኝ እኮ።»

እጁን ሰጣት። መዳፉ የሞቀ ነው፤ ትንሽም ይጣበቃል፤ ከረሜላ በልቷል። መንገዱን ሲሻገሩ በየእርምጃው ጎንበስ እያለ ሲባጎውን ያየዋል። ክፍሉ ድረስ አደረሰችው። መምህሩ ማርፈዱን ሲያነሳበት በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ ወደ ራሷ ክፍል አልሄደችም፤ ወደ ቢሮው ሄደች።

«ምልክቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ወላቄ ገና መሃል ላይ ነበር። ሬዲዮ እንዲያ ያለው ለእኔ ብሎ ነው።»

ምክትሏ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ትናንት ምን አፍሽን ዘጋው?»

«ክላክሱ እንዳይቀርብኝ።»

ሴትየዋ አልገባትም። ትራፊኳ የአባቷን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻት። ምክትሏ ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ውሳኔዋን ተናገረች። ወላቄ ከነገ ጀምሮ እንደ ልጆቹ በሰዓቱ ይሻገር። ምልክቱን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጥበቃው ይያዝ። ሬዲዮ ለውሸቱ እስከዚያው ወላቄን በየቀኑ እጁን ይዞ ክፍሉ ያድርስ። ትራፊኳ ሰደርያውን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሬዲዮ ሲሰማ ከእንግዲህ ስርጭት አቁሜያለሁ ብሎ አኮረፈ። እስከ እረፍት ሰዓት ብቻ ቆየለት።

ማታ አባቷ እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ትከሻዋን አየ። ሰደርያው የለም። ሳጥኖቹ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሁሉንም ነገረችው፤ ክላክሱን፣ ብብቷን፣ ጎማውን፣ ጫማውን። ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።

«ልጁ እግሩን?»

«ምንም አልሆነ። ጫማውን ብቻ ነው።»

የወለወለውን ሳጥን ደግሞ ወለወለው። «እኔ ነኛ እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ።

«አይ አባዬ። ምልክቱ በእኔ እጅ ነበር።»

አያት። ሊከራከራት ፈልጎ ነበር፤ ግን ተወው። በእርጥብ እጁ ጀርባ ጉንጯን ነካ አድርጎ፣ የሷን ጨርቅ ተቀብሎ ጨመቀላት።

በቀሩት ቀናት የዳቦ መኪናው በመታጠፊያው ድምፁን ሳያሰማ አለፈ። ትራፊኳ ያኔ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ግቢ ውስጥ ናት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ጆሮዋ ይቆማል። ያ ሁሉ መኪና ይነፋል፤ የሚፈለገው የለበትም።

ሰኞ ሰደርያውን መለሱላት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና የሌለበት ነበር። ምልክቱን ከራሷ በላይ አንስታ መሃል ቆመች። ሬዲዮ ከማዶ ልጆቹን ለቀቃቸው። ያኔ በዓይኗ ጥግ የዳቦ መኪናው መታጠፊያው ላይ ደርሶ አየችው። ክላክስ የለም። ግን ሳይታጠፍ ትንሽ ዘገየ፤ የፊት መስታወቱ መጥረጊያዎችም ተነሱ። በደረቁ መስታወት ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ብለው ተመልሰው ተኙ።

«አባትሽ ዝናብ ታያቸው እንዴ?» አለ ሬዲዮ ከጠርዙ።

ሳቋ አመለጣት። ቀኝ እጇ ሊላቀቅ ቃጣው። ሁሉም ተሻግሯል፤ የቀረው ወላቄ ብቻ ነው፤ በሲባጎ የታሰረውን ጫማውን በየእርምጃው እያየ ዝግ ብሎ ይመጣል። የአባቷ ተራ ማታ ይደርሳል። ሳጥኖቹ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ሁለቴ ታውለበልብለታለች።

ምልክቱን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች፤ ባለሲባጎዋ እግር ጠርዙን እስክትረግጥ ጠበቀች።