የተንጠለጠለው ካልሲ

ሮዳስ ሞዴሉን የሸፈነውን ጨርቅ ስትገልጥ መጀመሪያ ዓይኗ የፈለገው ካልሲውን ነበር። ካልሲው የለም።

«ኢማን፣ ካልሲውን አንስተሻል እንዴ?»

ኢማን በረዶ የያዘውን ሳጥን በስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ እየጎተተች ቀና አለች። «የቱን ካልሲ?»

«አሸዋ የሞላንበትን። ክብደቱን።»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ተራራ ከፎም ተጠርቦ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ከታችኛው ጣቢያ እስከ ላይኛው ጣቢያ አንድ ገመድ በሁለት መዘውሮች ላይ ይዞራል። ገመዱ ላይ ስድስት ካቢኖች ተንጠልጥለዋል፤ የሮዳስ እናት ብርቱካን ከምትሠራበት ሆቴል ያመጣቻቸው የሳሙና ካርቶኖች ናቸው። መሃል ላይ ገመዱን የሚሸከም አንድ ምሰሶ አለ። ይህ ምሰሶ እውነተኛ በረዶ ላይ መቆም አለበት፤ የውድድሩ ሕግ ነው።

በአልፕስ ተራሮች ሰዎች ለበረዶ ሸርተቴ ብለው በኬብል መኪናና በሊፍት እስከ በረዶ ግግር ድረስ ይወጣሉ። ግግሩ ግን አርፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ቀስ እያለ ይጓዛል፣ ሙቀት ሲመጣ ይሟሽሻል፣ በላዩ የቆመውንም ምሰሶ ይዞት ይንቀሳቀሳል። የኢንጂነሪንግ አስተማሪያቸው ይህን ሲያስረዳ ክፍሉ ግማሹ እያንቀላፋ ነበር፤ ሮዳስ ግን ማስታወሻ ደብተሯን ሦስት ገጽ ሞላች። ለውድድሩ እያንዳንዱ ቡድን ምሰሶው በረዶ ላይ የቆመ ሞዴል ሠርቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ማዞር አለበት። ያውም ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ በግንቦት።

የሚያሸንፉት ሁለት ተማሪዎች ትምህርት ሲዘጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ላይ ባለው የበረዶ ሸርተቴ ጣቢያ ለሁለት ሳምንት ከሊፍት መካኒኮች ጋር ይሠራሉ። ሮዳስ በየካቲት ክፍላቸው እዚያ ሲሄድ ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ ቆማ ትልቁን መዘውር ስታይ ነበር የዋለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የእነዚያን ሁለት ሳምንታት ያህል የፈለገችው ነገር የለም።

ወደ ላይኛው ጣቢያ ጎንበስ አለች። እዚያ ያለው መዘውር ወደፊትና ወደኋላ እንዲንሸራተት ተደርጎ የተሠራ ነው። ካልሲው በክር ታስሮ ከኋላ ይንጠለጠልና መዘውሩን ይስበዋል። በረዶው ቀልጦ ምሰሶው ዝቅ ሲል ገመዱ ይላላል፤ ያኔ ካልሲው ወረድ ብሎ የላላውን ይሰበስባል። ጠቅላላ ዘዴያቸው ይሄ ነበር።

አሁን መዘውሩ በመዳብ ሽቦ ከእንጨቱ ጋር ተጠፍሯል። ሽቦው አሥር ጊዜ ተጠምዝዟል፤ ጥምዝዞቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ጫፉም ሰው እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሮዳስ እንዲህ አድርጎ ሽቦ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው።

እሳቸውም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

አቶ ተክለሃይማኖት የሮዳስ አያት አይደሉም። ዊንቸስተር በሚባለው የላስ ቬጋስ ሰፈር በራቸው ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው። እናቷ የጠዋት ሺፍት ሲደርሳት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው፤ አባባ ተክሌ ትላቸዋለች። አሜሪካ ሳይመጡ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሲዘረጉ ኖረዋል። እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ሃያ ስድስት ዓመት ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ አድርገዋል። ስለ ሃያ ስድስቱ ዓመት ብዙም አያወሩም። ስለ አሥራ አንዱ ግን አውርተው አይጠግቡም። ዛሬ ጠዋት ሮዳስና ኢማን በረዶውን ይዘው በኢማን እናት መኪና ሲመጡ ሞዴሉን በቫናቸው ያመጡት እሳቸው ነበሩ።

ሐሙስ ዕለት ትዝ አላት። አባባ ተክሌ ሳሎን ውስጥ ሞዴሉን እየዞሩ ሲያዩ እሷ ስልኳ ላይ ነበረች። «ይቺ ካልሲ ለትዕይንቱ ቀን ትነሳለች አይደል? ገመዱንም እኔ በሽቦ ወጠር አደርግልሻለሁ» ብለዋት ነበር። እሷም ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል «እሺ አባባ» አለች። ለአባባ ተክሌ ሁልጊዜ የምትሰጠው መልስ ነው። ካፖርት ልበሺ፣ እሺ። ሾርባውን ጨርሺ፣ እሺ።

«አሁኑኑ እንፍታው» አለች ኢማን። «ሩብ ሰዓት አለን።»

«እያዩን እኮ ነው።»

«እና?»

አባባ ተክሌ ራሳቸው ተነስተው መጡ። ተመልካች እንዳያልፍ በተወጠረው ቢጫ ገመድ ላይ ደገፍ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አየሽው? እንዴት እንደተወጠረ?»

«ካልሲውስ አባባ?»

«ኪሴ ውስጥ ናት። አይዞሽ፣ ማንም አላየም።» ወደ ኋላ ዞር ብለው አብረዋቸው ወደመጡት ጓደኛቸው አመለከቱ። «ለጥላሁን ስነግረው ነበር። እኔ የወጠርኩት መስመር ሰባት ዓመት ንቅንቅ አላለም። ይሄ ለአንድ ሰዓት ምን ይሆናል?»

ሮዳስ አፏን ከፈተች። ኢማን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። አባባ ተክሌ ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል፣ ሰርግ ሲኖር ብቻ የሚያስሩትን ክራቫት አስረዋል። እሳቸውን በጓደኛቸው ፊት ማሳፈር ሆነባት።

«እሺ አባባ» አለች። «አመሰግናለሁ።»

አባባ ተክሌ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ኢማን ጓደኛዋን ገላመጠቻት። «ሲሪየስሊ?»

«አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ምናልባት ይቆያል።»

እንደማይቆይ ግን ታውቃለች።

ዳኛዋ ሊሊ ትባላለች፤ የተራራው ጣቢያ የሊፍት መካኒክ ናት። ሁለት ክረምት አልፕስ ውስጥ ሠርታለች፤ ጣቶቿ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ የግራሶ ጥቁረት አለ። ሕጉን በአጭሩ ነገረቻቸው። ሞዴሉን ከቡድኑ ሌላ ማንም አይነካም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአምስት ደቂቃ፣ ማቆም ይቻላል፤ ያቆመ ቡድን ነጥብ ይቀነስበታል፣ ምክንያቱንም ይጽፋል። ከአምስት ደቂቃ ያለፈ ከውድድሩ ይወጣል። ይህን ብላ ሰዓቷን ተጫነች።

ካቢኖቹ መውጣትና መውረድ ጀመሩ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ገመዱ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ይዞራል፤ አባባ ተክሌ ለጋሽ ጥላሁን በእጃቸው እያሳዩ ያስረዳሉ። የአዳራሹ በሮች ተከፍተው ስለነበር የውጪው ሙቀት ይገባል። በረዶው ከተቀመጠበት ትሪ ሥር ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።

በሃያ አራተኛው ደቂቃ አንዱ የሳሙና ካርቶን በረዶውን ነክቶ አለፈ። ከዚያ ሁለተኛው። ምሰሶው ጣት የሚያህል ሰምጧል፤ ገመዱ ላልቶ መሃሉ ላይ ረግቧል። ሞተር የሚያዞረው የታችኛው መዘውር አልፎ አልፎ ባዶውን ይሽከረከራል።

ኢማን አንድ ቁራጭ ካርቶን አጥፋ አቀበለቻት። «ትሪው ሥር ሸጉጪው። ከፍ ይላል። ማንም አያውቅም፣ ነጥብም አይቀነስብንም።»

ሮዳስ ካርቶኑን ያዘች። ትሪው ከፍ ቢል አሥር ደቂቃ ይቆይ ይሆናል። አባባ ተክሌም አያፍሩም፤ እሷም ምንም ማለት አይጠበቅባትም። በረዶው ግን መቅለጡን አይተውም፣ ገመዱም ከመዘውሩ መውጣቱ አይቀርም። ያኔ ሁሉም ያልቃል።

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን አነሳች።

«እናቆማለን» አለች ለሊሊ።

ሊሊ ሰዓቷን አየች። «አምስት ደቂቃ።»

ኢማን ሽቦውን ለመፍታት ጎንበስ ስትል ሮዳስ በቀጥታ ወደ ቢጫው ገመድ ሄደች።

«አባባ፣ አንዴ ይምጡ።»

መጡ። ጋሽ ጥላሁንም ተከተሏቸው።

«ሽቦውን መፍታት አለብኝ» አለች።

የአባባ ተክሌ ፊት ተለወጠ። «ላልቷል? እኔ ያሰርኩት አይላላም።»

«እርስዎ ያሰሩት አልላላም። ምሰሶው ነው ዝቅ ያለው።»

«ምሰሶ? ምሰሶ ደግሞ ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

«በረዶ ላይ ነው የቆመው። በረዶው ሲቀልጥ ይሰምጣል። እውነተኛው ተራራ ላይም እንደዚያ ነው፣ ምሰሶዎቹ ይሄዳሉ። ካልሲው ገመዱን እየሳበ እንዲጠብቀው ነበር ያደረግነው።» ትንፋሿን ሳበች። «ይሄን ሐሙስ ልነግርዎት ይገባ ነበር። እሺ ያልኩት ሳልሰማዎት ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰምቼም እሺ አልኩ። ፈራሁ።»

አባባ ተክሌ ሞዴሉን አዩ። ጋሽ ጥላሁን ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ሮዳስ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

«ሮዳስ!» አለች ኢማን ከጠረጴዛው። «አልፈታም አለኝ!»

«በጥፍሯ አይሆንላትም» አሉ አባባ ተክሌ። ከውስጥ ኪሳቸው ትንሽ ፒንሳ አወጡ፤ በሱፍ ውስጥ ፒንሳ የሚይዝ ሌላ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ቢጫውን ገመድ ሊሻገሩ እግራቸውን አነሱ።

«እርስዎ መንካት አይችሉም፣ አባባ። ከነኩ እንወጣለን።»

እግራቸውን መለሱ። ፒንሳውን ለእሷ ሰጧትና ሁለት እጆቻቸውን ከኋላ አጣመሩ። «ሂጂ። የምልሽን አድርጊ።»

ሮዳስ ሮጣ ተመለሰች።

«ጫፉን ከውስጥ አውጪው። እንዳትቆርጪው፣ ብትቆርጪው እንጨቱን ይነቅለዋል። አዎ። አሁን ወደ ግራ። ወደ ግራ አልኩሽ።»

«ይሄ ግራ ነው።»

«ለእኔ ቀኝ ሆኖ ታየኝ፤ ቀጥዪ። አትቸኩዪ።»

«ሁለት ደቂቃ ቀረ» አለች ሊሊ።

አሥሩ ጥምዝዞች አንድ በአንድ ተፈቱ። እያንዳንዱ እንዴት እንደጠበቀ ሮዳስ በጣቷ አወቀችው፤ በዚህ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ አባባ ተክሌ በእጃቸው ሥራ ቢኮሩ እውነት እንዳላቸው ገባት። የመጨረሻው ሲለቅ መዘውሩ ወደፊት ሸርተት አለ።

«ካልሲው!» አለች ኢማን።

አባባ ተክሌ እጃቸውን ወደ ሱፋቸው ኪስ ሰደዱ። በጋሽ ጥላሁንና በሦስተኛው ረድፍ ሁሉ ፊት አንዲት ነጭ ካልሲ ከነአሸዋዋ አወጡና ከፍ አድርገው አቀበሏት። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። እሳቸው ዞር ብለው አላዩም።

አርባ ሰከንድ ሲቀር ካልሲው ተንጠለጠለ፣ መዘውሩ ወደኋላ ተሳበ፣ ካቢኖቹም ከበረዶው ላይ ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ለሮዳስ ከሙሉ የትምህርት ቀን ይበልጥ ረዘመ። በረዶው ቀለጠ፣ ምሰሶው ሰመጠ፣ ካልሲው እያየችው ትንሽ በትንሽ ወረደ። ገመዱ አልላላም። ሊሊ ሰዓቷን ስትዘጋ ስድስቱም ካቢኖች እየዞሩ ነበር።

ሊሊ ወረቀቱን አቀረበችላት። «የቆመበት ምክንያት» ይላል። ኢማን «ሽቦው ጠበቀ በያቸው፣ በቃ» አለች በሹክሹክታ። ሮዳስ እስክሪብቶውን ይዛ አሰበችና በእንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ መወጠሪያው ታስሮ ነበር፤ ያሰሩት ሰው ምሰሶው እንደሚንቀሳቀስ አያውቁም ነበር፤ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ሊሊ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ፣ ብቻ ቆይታ አነበበችው። «የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ላይ ትኖሪያለሽ?» አለቻት።

ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት አላቆሙም ነበር፤ የተቀነሰባቸውም ነጥብ የለም። ሮዳስ ስማቸው ሲጠራ አጨበጨበች፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ትንሽ አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ ወጣች። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ አዲስ ገጽ ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ጻፈች። ከሥሩ «ትሪው ሰፋ ይበል» ብላ አሰፈረች። ኢማን ከጎኗ ቆማ አየችና እስክሪብቶውን ነጥቃ «ፒንሳ» ብላ ጨመረችበት።

ሲመለሱ ሞዴሉ ከቫኑ ኋላ ነበር፣ ካልሲው ደግሞ ሮዳስ ጭን ላይ። አባባ ተክሌ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ነዱ። ተቆጥተው እንደሆነ መጠየቅ ፈልጋ ነበር፤ አልደፈረችም። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሳስበው ነበር» አሉ። «ለሚቀጥለው ዓመት። ቶሎ እንዳይቀልጥ በረዶው ላይ ጨው እንነሰንስበታለን። ሥጋ እንኳን ሳይበላሽ የሚቆየው በጨው ነው።»

ሮዳስ «እሺ» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ካልሲውን በእጇ ጨበጥ አደረገች።

«አይሆንም፣ አባባ» አለች። «ጨው በረዶን ቶሎ ነው የሚያቀልጠው።»

አባባ ተክሌ ከመሪው ላይ ዞር ብለው አዩዋት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«እሺ» አሉ፣ መኪናውንም ነዱ።